ማርያም በሽልም ታውጣሽ

በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት ባየን ጊዜ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ምርቃት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ነው። በሰላም ከተገላገለችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሌሊት፥ አንዳንዴም ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ነገር ግን በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የእናትና የልጅ ሕይወት በሚዛን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ከምርቃቱ እስከ እልልታው ድረስ ቤተሰብ ሊያደርገው ስለሚገባው ነገር ነው።

ይህ ነገር በደባርቅና በዳባት፥ ይልቁንም በስሜን ተራሮች ግርጌና ሸንተረር ለሚኖሩ ምእመናን የዕለት ጥያቄ ነው። «በቤቷ ትውለድ ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ ትውረድ?» እየተባለ አማት ከምራት፥ ባል ከሚስት፥ የተማረው ልጅ ካልተማረው አባቱ ጋር ይከራከራል። አንደኛው ወገን «እናቶቻችን በቤት ወልደው አሳድገውናል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ዘመኑ የሐኪም ነው፤ የድሮው ይቅር» ይላል። ለእኛ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል፤ ይኸውም በቤትና በሐኪም መካከል የተዘረጋው መንገድ ነው።

አስቀድመን ስለ ቤት እንናገር። በቤት መውለድን የሚያቃልል ሰው የቤትን ጸጋ አላስተዋለም። በደጋው አገር ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ፤ እሳቱ ይነዳል፤ ቡናው ይፈላል፤ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ከእርስዋ ጋር ይጨነቃሉ። ካህኑም ከደጅ ሆኖ ድርሳነ ሩፋኤልን ይደግማል፤ ቅዱስ ሩፋኤል በቤተ ክርስቲያናችን «ፈታሔ ማኅፀን» ተብሎ ይጠራልና። አዋላጂቱ ወላዲቱን በግድ አታጋድማትም፤ ስትሻ ትቆማለች፥ ስትሻ ትንበረከካለች፥ ከኋላዋ ሆና ወገቧን የምትደግፋት ሴት አለች። ልጁ ሲወለድ እልል ይባላል፥ ገንፎው ይገነፋል፥ አራሷም ሙቅ ስፍራ ታገኛለች።

ይህ የድሮ ሰዎች ልማድ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ምጥና ወሊድ ያወጣውን መመሪያ ቢመለከት መልካም ነው። በዚያ መመሪያ ውስጥ ወላዲት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፥ በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስና ቀጥ ብላ መቆም ወይም መቀመጥ ብትፈልግ እንዳትከለከል፥ መጠጥና ምግብ እንድታገኝ፥ በአክብሮትም እንድትያዝ ታዟል። ይህን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ጭካኔ በተሞላበት አነጋገር ወላዲትን የሚያስደነግጥ ባለሙያ ቢኖር፥ የሚተላለፈው የአያቶቻችንን ልማድ ብቻ ሳይሆን የራሱን ሙያ ሥርዓትም ጭምር ነው።

የአዋላጅነት ሥራም በመጽሐፍ ቅዱስ የተከበረ ነው። በኦሪት ዘፀአት የምናገኛቸው ሲፓራና ፉሐ የዕብራውያን አዋላጆች ነበሩ። ፈርዖን ወንዶቹን ሕፃናት እንዲገድሉ ባዘዛቸው ጊዜ፥ እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን አዳኑ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ነገር ግን ያው ኦሪት ሌላ ታሪክም ይነግረናል። የያዕቆብ ሚስት ራሔል ብንያምን የወለደችው ወደ ኤፍራታ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ነው። አዋላጅ አብራት ነበረች፤ አጽናንታታለችም። ይሁን እንጂ ራሔል በምጥ ጭንቅ ሞታ በመንገድ ዳር ተቀበረች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሚያጽናና ቃል ነበረ፥ አዋላጅም ነበረች፤ የጎደለው ከዚያ በላይ ያለው እርዳታ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ ከደባርቅ በስተምሥራቅ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ጎጆ ወጥቶ ይኖራል። ስሙን መጥራት አያስፈልገንም፤ ታሪኩን ግን ለሌላው ቤተሰብ ይጠቅማል ብሎ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል።

የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደችው በሐምሌ ወር፥ ጉሙ ከደጅ በማይለይበት ጊዜ ነው። አዋላጇ የባልየው አያት ነበሩ፤ በዚያ መንደር ውስጥ እጃቸው ያልተቀበለው ሕፃን ጥቂት ነው። ሌሊቱን ሁሉ እንደ ልማዱ ሆነ፤ ሴቶቹ እመቤታችንን ሲጠሩ፥ መምሬ ከደጅ ሲደግሙ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች፤ እልልታውም ተሰማ። ነገር ግን የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደሙም ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አንዳንዶቹ «ጥቂት እንታገሥ፥ ይወጣል» አሉ። አያቲቱ ግን ጥቂት ጠብቀው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ይህ ከእኔ እጅ በላይ ነው፤ ቶሎ ቃሬዛ አምጡ» አሉ።

ስምንት ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸክመዋት ወረዱ። በመንገድ ላይ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር ውሃው እስኪጎድል ድረስ ቆመው ጠበቁ። ከመኪናው መንገድ ሲደርሱ አምቡላንስ አገኙ። በሆስፒታል የእንግዴ ልጁ ወጣላት፥ ደምም ተሰጣት፥ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። በኋላ ባልየው ሲነግረን፥ «የኔታ፥ በቤት ስንመክር የቆየነው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በመንገድ የቆየነው ግን ከአራት ሰዓት ይበልጣል» አለን።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን ፀነሰች። የመውለጃዋ ወር ሲደርስ ባልየው ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወርድ ቢፈልግም እናቱ አልወደዱም። «ትንሿን ልጅ ለማን ትታ ትወርዳለች? በሰው አገር ማን ገንፎ ያገነፋላታል?» አሉ። ይህ የክፋት ንግግር አይደለም፤ እውነተኛ ጭንቀት ነው። መልስ የሰጧቸው ግን አያቲቱ ነበሩ። «ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ፤ አብሬያት እወርዳለሁ፤ ያን ወንዝ ዳግመኛ አልለምነውም» አሉ። ትንሿ ልጅ ከአባቷ እናት ዘንድ ቀረች፤ ሁለቱ ሴቶች ቀኗ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ወርደው በእናቶች ማቆያ ቤት ተቀመጡ።

ምጡ በመጣ ጊዜ ተረኛዋ አዋላጅ ነርስ በዕድሜዋ የአያቲቱ የልጅ ልጅ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። አያቲቱን ከደጅ ቁሙ አላለቻቸውም። «እማማ፥ እርስዎ ከኋላዋ ሆነው ይደግፉልኝ፤ እኔ ከፊት እቀበላለሁ» አለቻቸው። ወንድ ልጅ ተወለደ። ወዲያው ማኅፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው መርፌ ተሰጣት፤ የእንግዴ ልጁም ሳይቆይ ወጣ። በማቆያው ማድ ቤት ገንፎው ተገነፋ፤ ሌሎቹም እርጉዞች እልል አሉ። ሕፃኑም በ40 ቀኑ በደብራቸው ክርስትና ተነሣ።

ከዚህ ቤተሰብ ታሪክ የምንማረው ቤት ክፉ፥ ጤና ጣቢያ ደግ መሆኑን አይደለም። ያች ሴት በመጀመሪያው ወሊድ የዳነችው የእጃቸውን ወሰን ያወቁ አዋላጅ ስለ ነበሯት ነው። በሁለተኛው ወሊድ ደግሞ ለመውረድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ተከፍሎ ስለ ነበር፥ ምጡ ሲመጣ መንገድ አልቀረባትም።

ስለ ምን መንገዱ ይህን ያህል ያስፈራል? ምክንያቱን ጥቂት እናስረዳ። በእርግዝና መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ ማኅፀን ይፈስሳል። የአንዲት ሴት ደም በሙሉ ቢለካ ግን አምስት ወይም ስድስት ሊትር ያህል ነው። ልጁና የእንግዴ ልጁ ሲወጡ ማኅፀን እንደ ጡጫ ጨብጦ የደም ሥሮቹን ይዘጋል። ካልጨበጠ ወይም የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ከውስጥ ቀርቶ መጨበጥ ከከለከለው፥ ጤነኛ የነበረች ሴት ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ልትሞት ትችላለች። ይህን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ስለ ሆነ በየቤቱ አይገኝም። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለው ደም መፍሰስ በየትኛዋ ሴት ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም። አራት ልጆች በሰላም የወለደች ሴት በአምስተኛው ይደርስባታል። ስለዚህ «እናቶቻችን በቤት ወልደው አሳድገውናል» ስንል፥ ይህን የምንናገረው የዳኑት እናቶች ልጆች መሆናችንን አንርሳ። ያልዳኑት አይመሰክሩም።

ሞት በድኻ ቤት ብቻ የሚገባ አይደለም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነትን ሙያ ተምረው የተመለሱ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ወለጋ ሳሉ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት በዚያው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። በዚያም ምጥ ለቀናት የጸናባቸውን፥ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛቸውን ተጭኖ ያቆሰላቸውን፥ ከዚያ ወዲያ ሽንታቸውን መቋጠር አቅቷቸው ከቤተሰብ የተገለሉትን የፌስቱላ ሕመምተኞች አዩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በባሕር ዳር ቅርንጫፉ ተከፈተ። ዶክተር ካትሪን ግን ማከም ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝበው፥ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ይህም ከገጠር የመጡ ሴቶች ልጆችን አስተምሮ በገጠር ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች የሚልክ ነው። ከፌስቱላ የሚያድነው ዋናው መድኃኒት በጊዜው የደረሰች አዋላጅ ናትና።

በእኛም አውራጃ ትምህርቱ የቆየ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ማኅበረሰብን የሚያገለግሉ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እርሱ ነው። በዳባትም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመ የጥናት ማዕከል አለው፤ በዚያ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን ይጽፋሉ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው የሠለጠኑ ሴቶች ተመድበዋል።

ፍሬውም ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናት በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገመተ፤ በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱትም ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የሞቱ ቁጥር ወደ 412 ዝቅ አለ፤ በጤና ተቋም የሚወልዱት ወደ 26 ከፍ አሉ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ደግሞ 48 ደርሰዋል። ይህ ታላቅ እመርታ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት ወሊዶች ገና በቤት የተፈጸሙ መሆናቸውን ያሳያል።

ምናልባት በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን «በሠለጠነው ዓለምም እኮ ሴቶች በቤታቸው ይወልዳሉ» ብለው የጻፉላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው። በሆላንድ አገር በቤት መውለድ የቆየ ልማድ ነው፤ ቁጥሩ ግን እየቀነሰ መጥቶ በአሁኑ ጊዜ ከ100 ወሊዶች 20 እንኳ አይሞላም። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የ64,000 ያህል ሴቶችን ወሊድ መርምሯል። ሴቶቹ አደጋ የማይታሰብባቸው ነበሩ። ከዚህ በፊት ለወለዱት በቤት መውለድ ለሕፃኑ የተለየ አደጋ እንዳላስከተለ፥ ለበኩር ወላጆች ግን የሕፃኑ አደጋ ከፍ እንደሚል ተገኘ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ በቤታቸው ለመውለድ ካሰቡት የበኩር ወላጆች መካከል ከ100ው 45 ያህሉ ወደ ሆስፒታል መዛወር አስፈልጓቸዋል።

እንግዲህ ይህን ቁጥር ወደ ስሜን አምጥተን እንመልከተው። በእንግሊዝ አገር የምትዛወረው ሴት የተማረች አዋላጅ አጠገቧ አለች፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከራስ ደጀን ሥር በበየዳ፥ ወይም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ባለችበት በጃናሞራ የምትኖር ሴት ግን፥ ገደል ወርዳ፥ ወንዝ ተሻግራ፥ ዳገት መውጣት አለባት። የሆላንዷ ሴት በቤቷ መውለድ የምትችለው ሆስፒታሉ ከደጇ ስለማይርቅ ነው። የእኛዪቱም ሴት ያን ያህል ቅርብ ልትሆን የምትችለው ቀድማ ስትወርድ ነው።

ለዚህ ነው የእናቶች ማቆያ ቤት የሚያስፈልገው። ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከሩቅ የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት አለ። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ወሊዱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ ባዶ ክፍል ማንንም አይስብም። እህል፥ ማገዶ፥ ቡና፥ የሚያጫውት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ለማሟላት ደግሞ የእኛ ሰንበቴዎችና የጽዋ ማኅበሮች የታደሉ ናቸው።

ስለዚህ ለክርስቲያን ቤተሰብ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ፅንሱ እንደ ታወቀ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ነው። የመውለጃውን ወር ቀደም ብሎ ማወቅ መንገዱን ቀደም ብሎ ለማሰናዳት ይረዳል።

ሁለተኛ፤ ቤቷ ከመኪና መንገድ የራቀ፥ ወይም የበኩር ልጇን የምትወልድ፥ ወይም ከዚህ ቀደም ደም የፈሰሳት ሴት፥ ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ማቆያው ትውረድ። በክረምት ጊዜማ ከዚያም ትቅደም። የምትወዳት አንዲት ሴት አብራት ትሂድ፤ በቤት የሚቀሩት ልጆችም ለማን እንደሚሰጡ አስቀድሞ ይወሰን። ባል ሆይ፥ ይህ ያንተ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፤ ለአደጋ ምልክት ምክር አያስፈልገውም። ከመውለድ በፊት ደም መታየቱ፥ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፥ የፊትና የእጅ ማበጥ፥ መንቀጥቀጥ፥ ትኩሳት፥ የሽርት ውሃ ፈስሶ ምጥ አለመምጣቱ፥ ምጡ ከ12 ሰዓት ማለፉ፥ የእንግዴ ልጁ ልጁ ከተወለደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለመውጣቱ፥ እነዚህ ሁሉ ወዲያው አምቡላንስ የሚያስጠሩ ናቸው። ጸሎቱ በመንገድም ይደገማል፤ ቅዱስ ሩፋኤል በቃሬዛው አጠገብ አይለይም።

አራተኛ፤ ምጡ ድንገት ደርሶ በቤት ብትወልድ፥ የአዋላጇ እጅ በሳሙና ይታጠብ፥ እትብቱ ባልተነካ አዲስ ምላጭ ይቆረጥ፥ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባበት። ሕፃኑ ተወልውሎ በእናቱ ደረት ላይ ይተኛ፥ እንገሩንም ወዲያው ይጥባ፤ እንገር የሚጣል ሳይሆን የመጀመሪያው መድኃኒቱ ነው። ከዚያም ሁለቱም በቶሎ ይታዩ።

አምስተኛ፤ የልደታ ማኅበርም ሆነ ሰንበቴ በዓመት አንድ ቀን የሚያዋጣውን እህል ከፍሎ ለማቆያው ቤት ይስጥ። በየመንደሩም ጠንካራ ቃሬዛና ተራ የገቡ ተሸካሚዎች ይኑሩ። ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለን፤ ከወላዲቱ ጋር የመጡትን አያት አክብሩ፥ ከኋላ ሆነው ይደግፉላችሁ። እርሳቸው ወደ እናንተ ካመጧት ሌሎቹም ይከተላሉ።

እመቤታችን ጌታን የወለደችው ያለ ምጥና ያለ ሕማም ነው፤ በከብቶች በረት የሆነው ግን በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልተገኘላት ነው። ዛሬ ከተራራው ለሚወርዱ እናቶች ስፍራ ማሰናዳት የምንችለው እኛ ነን። አንዲት እርጉዝ በደጃችን ስታልፍ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንበላት፤ ደግሞም የምትወርድበት ቀን መቼ እንደ ሆነ፥ አብሯት የሚሄደው ማን እንደ ሆነ እንጠይቃት። ምርቃት ከሥራ ጋር ይስማማል።

ሁላቸውንም ነፍሰ ጡሮች እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልልን፤ አሜን።